እባክዎ አይንኩ

ተሻለች የዚያን ሕንፃ ደጅ አልረግጥም ብላ ከማለች ሃያ ዓመት አልፏታል። ለምን እንደማለች ለማንም ነግራ አታውቅም። ዘንድሮ ግን አንድያ ልጇ ፅዮን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ኮንዶ ገዛችና «ማሚ፣ ሳትመርቂልኝ አልገባም» አለቻት። ልጅ ማስገደድ ያውቅበታል። እምቢ ብትል የልጇ ቤት ያለ ምርቃት ሊቀር ነው፤ እሺ ብትል መሐላዋን ልታፈርስ ነው።

ሕንፃው ያለባት ዌስተን ድሮ፣ የካናዳዋ ቶሮንቶ ሳትውጣት በፊት፣ ራሷን የቻለች የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ተሻለች በሱዳን አድርጋ ስትመጣም ፋብሪካዎቹ ገና አልሞቱም፤ ጠዋት ጠዋት ጣሊያኑም ጃማይካዊውም ሐበሻውም ምሳውን አንጠልጥሎ ይገባል። እሷን ብረት የሚጨፈልቅ ፕሬስ ላይ መደቧት። እጅ እንዳይገባ የሚከልለውን ብረት ሥራ ያዘገያል ብለው ፈትተውት ነበርና፣ አንድ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ወሰደ። ስሟ ተሻለች ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ አልተሻላትም።

ያንገበገባት ጣቷ አይደለም፤ አለቃው ነው። «ከአገሯ ይዛው የመጣችው ጉዳት ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሁሉም አመነው! ስደተኛ ናት፣ ከጦርነት አገር ናት፣ ጣት ቢጎድላት ምን ይገርማል? የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳይቀሩ «ያ በረሃ ስንቱን አሳየሽ» እያሉ ከንፈር መጠጡላት። እንግሊዝኛ አልነበራት፣ ያዩትም ለእንጀራቸው ፈሩ። ዋጥ አደረገችው። ብዙ ሳይቆይ ፋብሪካው ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ሌላ አገር ነጎደ፣ ሠራተኛው ተበተነ። አሁን ደግሞ ሕንፃውን ኮንዶ አድርገው፣ የዚያኑ ፋብሪካ ስም ለጥፈውበት ይቸበችቡታል።

ቅዳሜ ዕለት ድፎ ዳቦዋን ይዛ ከልጇ ጋር ገባች። ሎቢው መሃል ፕሬሱ ቆሟል። ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ መብራት በርቶለት፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ! ተሻለች ዳቦውን ለልጇ ሰጥታ፣ ሄዳ ብረቱን ያዘችው።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ አይንኩት» አላት የሕንፃው ጥበቃ፣ ሃብታሙ የሚባል ሐበሻ። «ሳይኑን አላዩትም? ‹እባክዎ አይንኩ› ይላል። ታሪካዊ ቅርስ ነው።»

«እኔ ነካሁት?» ጎዶሎ እጇን ዓይኑ ሥር ዘረጋችለት። «እሱ ነው የነካኝ!»

ፅዮን ፊቷ ተለዋወጠ። «ማሚ፣ ዌይት፤ ጣትሽ ሱዳን ነው የተቆረጠው ብለሽኝ አልነበር? ስኩል ሳይቀር ፕረዘንት አድርጌዋለሁ እኮ።»

«እኔ መች አልኩሽ? ሰው ነው ያለሽ። ሱዳን ምን አደረገችኝ? ሱዳን አስጠግታ አበላችኝ። የበላኝ ይሄ ነው!»

ፖስታቸውን ሊወስዱ የወረዱ ነዋሪዎች ቆመው ያያሉ። ይዩ! ያኔ ማንም አየሁ አላለላትም።

«በቃ እንሂድ፣ ቤቱም ይቅር» አለች ፅዮን እንባዋ እየወረደ።

«ለምን ይቀራል? ነይ፣ ጎንበስ በይ።»

በግራ እጇ ብረቱን እንደያዘች፣ ሦስት ጣት የቀረውን እጇን የልጇ አናት ላይ አሳረፈች። ሌሊቱን ስታሰናዳው ያደረችው ምርቃት ሁሉ ከአፏ ጠፋ። አንድ ብቻ ወጣላት፣ እሱም በቁጣ።

«ክፉ አይንካሽ!»

«አሜን» አለ፣ አይንኩ ያላት ሃብታሙ።