አባቷን ያሳቀችው ልጅ

ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጥርሱን ገልጦ ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ባልደረቦቹ ሲቀላለዱ እሱ ጥግ ይዞ ደብተር ያርማል፤ "ዝምተኛው" ብለው ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው።

ክፍልፋይ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ዓይናቸው እያየ ልባቸው ሌላ ቦታ መሆኑ አንገበገበው። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ጨዋታ መሥራት ጀመረ፤ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ተማሪው የጀልባ ጭነት ያካፍላል፤ በትክክል ካካፈለ ወንዙን ይሻገርና ኮከብ ያገኛል፣ ከተሳሳተ ጀልባዋ ትሰምጣለች። ግራ ለገባው "እርዳኝ" የሚል ቁልፍ አለ። አንዴ ሲነኩት ፍንጭ ይሰጣል፤ ሦስቴ ሲነኩት መልሱን ቁጭ ያደርገዋል።

ልጆቹ አበዱለት። ደወል ተደውሎም ከወንበራቸው የሚያነሣቸው ጠፋ። የገዛ ልጁ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ፣ ከሁሉም ባሰች።

"አባባ፣ ዛሬ አርባ ኮከብ!" እያለች ትሮጥበታለች።

እሱም ይስቃል፣ ከልቡ። አንድ ቀን በክፍሉ ሁሉ ፊት አቁሞ አስጨበጨበላት።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በወረቀት ነበር። ከሃያው ጥያቄ ልጁ የመለሰችው ሦስቱን ብቻ ነው። የተሳሳተ መስሎት እንደገና አረመው፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ተማሪው የነካውን ሁሉ ስለሚመዘግብ ገጿን ከፍቶ አየ። እርዳኝ፣ እርዳኝ፣ እርዳኝ፣ መልስ፣ ኮከብ። ሰባት ወር ሙሉ እንዲሁ ነው። የክፍሉም እኩሌታ ከእሷ አይሻልም ነበር፤ እሱ ግን የእሷን ብቻ አየ።

ኮሪደር ላይ ጠብቆ ያዛት። "በሰው ፊት አስጨበጨብኩልሽ! አታላይ!"

ልጆች ቆመው ያያሉ። እሷ ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ "ኮከብ ሳሳይህ ትስቅ ነበር" አለች። "ሌላ ጊዜ አትስቅም እኮ፣ አባባ።"

ቦርሳዋን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ። ቃሉ ግን ከአፉ ወጥቷል።

ልጅቷ ክፍሉን ደገመች፤ ወደ ሌላ አስተማሪም ተዛወረች። እሱ መልስ የሚያሳየውን ቁልፍ አጠፋ፣ ኮከቡንም አነሣ። ተማሪዎቹ ወዲያው ማዛጋት ጀመሩ።

"ምነው ወንድሜ፣ ጨዋታውን እኮ ነፍሱን አወጣኸው!" አለው የሳይንሱ አስተማሪ።

"ሲደሰቱ አይቼ የተማሩ መሰለኝ" አለ። "ምን ገባችሁ ብዬ መች ጠየቅኳቸው?"

ልጁን ግን ከሰዓት በኋላ እየጠበቀ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ያስጠናት ጀመር። ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ ሩቡን፣ ሲሶውን ይደራርባሉ። ሲገባት "ገባኝ" ትላለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል አይወጣትም። አንድ ቀን ደስ ይበላት ብሎ ሊስቅ ሞከረ። ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች።

በዓመቱ ፈተናውን አለፈች። ወሬውን የሰማው ግን ከልጁ ሳይሆን በስልክ ከእህቱ ነው።

"ዘጠና አንድ አመጣች እኮ! ዛሬ ጠዋት ደውላ ነገረችኝ። አንተስ ምን አልካት?"

ልጅቷ በጎን ባለው መኝታ ክፍል ልብስ እያጣጠፈች ነበር። በበሩ በኩል አያት።

"ጎበዝ አልኳት" አለ ለእህቱ።