ጋሼ ደሴ ድንጋዩን ያስቀመጡ ዕለት

ሰሞኑን የአመልካቾችን ፊልም ስናይ ነው የከረምነው። በየዓመቱ እንዲህ ነው፤ የፊልም ሥራ መማር የሚፈልግ ወጣት ሁሉ አጭር ሥራውን ይልካል፣ እኛ መምህራን ተብዬዎቹ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኮልኩለን ብስኩት እየበላን ማን ይግባ ማን ይቅር እንላለን። ትናንት አንድ ልጅ እናቱ ስታለቅስ የቀረጸውን አሳየን። እውነትም ልብ ይነካል። ባልደረባዬ «እንዴት እንዲህ አለቀሱልህ?» ሲለው ልጁ ፈገግ ብሎ «ሦስቴ አስደግሜያት ነው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሴን እየዳበስኩ ወጣሁ። የደወለልኝ ግን ማንም አልነበረም።

እኔም እዚህ ትምህርት ክፍል የገባሁት «ይደገም» ብዬ ነው።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ስል ሰርግ ላይ መብራት መያዝና ገመድ መጠቅለል ነው፤ ካሜራውን የሚያስነኩኝ ሙሽሮቹ ምሳ ሲበሉ ብቻ ነበር። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፊልም ተማሪ እንደሚቀበል በሬዲዮ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። የሚወስዱት ጥቂት፣ የሚያመለክተው የአገሩ ልጅ ሁሉ ነው ተባለ። ከፈተናው በፊት ደግሞ ራስ የሠሩትን አጭር ፊልም መላክ ግድ ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት «አንተ? ገመዱን መች በቅጡ ጠቀለልክና!» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ደግ ሰው ነበር፤ ዐቢይ ጾም ነው፣ ሰርግ የለም ብሎ ካሜራውን ከነካሴቱ አዋሰኝ። በጭነት መኪና ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኜ፣ አቧራ ስቅም ውዬ፣ ወገዳ ገባሁ። ቤታችን ከዚያ በእግር ነው።

አገር ቤት ስደርስ የሚቀረጸው ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አባቴና ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ደሴ ሊታረቁ ነው።

ጠባቸው በመቀናጆ የመጣ ነው። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ነበራቸውና አጣምደው የሁለቱንም መሬት በተራ ያርሱ ነበር። አንድ ዓመት ልክ እርሻው ሲደርስ ጋሼ ደሴ ለማንም ሳይነግሩ በሬያቸውን አርብ ገበያ ድረስ ነድተው ሸጡት። ለካ ልጃቸው ታማባቸው ኖሯል፤ ቸገረኝ ማለትን ግን የሞት ያህል የሚፈሩ ኩሩ ሰው ናቸው። የአባቴ መሬት ያን ዓመት ጦሙን አደረ። አባቴም የዋዛ አይደለም፣ ሰው በተሰበሰበበት «ወንድም የለኝም» አለ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ከቅዳሴ ሲወጣ ሌላው ዛፍ ሥር ቆሞ እስኪያልፍ ይጠብቅ ጀመር።

ሽማግሌዎቹ ጾሙን ሙሉ ሲመላለሱ ከርመው ጋሼ ደሴን አሳመኗቸው። ታላቅም ቢሆኑ ጥፋቱ የእርሳቸው ነውና፣ በአገሩ ደንብ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ታናሽ ወንድማቸው ፊት ይቀርባሉ። አባቴ ተነሥቶ ድንጋዩን በገዛ እጁ ሲያወርድላቸው እርቅ ወረደ ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ያለኝ ለእርቁ አልነበረም። ፊልሜን አገኘሁ ብዬ ነው።

የነፍስ አባታችንን አስፈቀድኳቸው። «ቅረጸው እንጂ፣ ለልጅ ልጅ ምስክር ይሆናል» አሉኝ። «ብቻ ሥርዓቱን እንዳትረብሽ።»

ለሆሳዕና ዋዜማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰብን። ሴቶቹ ጠላውን፣ ንፍሮውንና ስልጆውን አሰናድተው ራቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ የስልጆው ሰናፍጭ ከዚያ ድረስ አፍንጫ ይሰረስራል። የመጋቢት ነፋስ አቧራውን ያነሣዋል። አባቴ በሽማግሌዎቹ መሐል ጋቢውን ተከናንቦ መሬት መሬት ያያል። እኔ ካሜራዬን ተክዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜያለሁ።

ጋሼ ደሴ መጡ። ጎንበስ ብለው፣ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ማጅራታቸው ላይ ይዘው፣ በባዶ እግራቸው። አባቴ አጠገብ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው «ስለ እግዚአብሔር…» ብለው ድምፃቸው ተቆረጠ። ያኔ ነው የካሜራው ቀይ መብራት እንዳልበራች ያየሁት። በጥድፊያ ቁልፉን ሁለቴ ተጭኜው ኖሯል።

«ጋሼ! ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ!» ብዬ ጮህኩ። «አልቀረጸም! ከዚያ ከመንገዱ ጀምረው እንደገና ይምጡልኝ፤ ትንሽ ቀስ ብለው።»

ወይ እኔ! እስከ ዛሬ ብቻዬን ስሆን ያቺ «ቀስ ብለው» ያልኳት ነገር ትመጣብኝና ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

ጋሼ ደሴ እንዳጎነበሱ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ምን አልከኝ?» አሉ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ያን ሳቅ ሰሙ። «ለካ ለመሣቂያ ኖሯል የጠራችሁኝ» አሉና ድንጋዩን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። አልወረወሩትም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ጀርባቸውን ለአባቴ ሰጥተው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ በማርያም!» እያሉ ተከተሏቸው፤ የሚመለሱ ሰው ግን አልነበሩም። ቁልፉን ዳግም ተጭኜው ነበርና ይህ ሁሉ ሲሆን ቀይዋ መብራት በርታለች። እኔም የማየው ፊታቸውን ብቻ ነበር።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ አንድ ወሬ ያዘ፤ ደሴ ድንጋዩን ቢያስቀምጥ ወንድሙ ሊመታው ተነሣ የሚል። አባቴን ስጠይቀው «ያሻቸውን ይበሉ» አለኝና ወደ ማሳው ሄደ።

መካነ ኢየሱስ ተመልሼ ካሴቱን ሳየው ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጋሼ ደሴ ድንጋዩን ሊያስቀምጡ ዝቅ ሲሉ ከኋላቸው አባቴ ብድግ ይላል። ሁለት እጁ ወደ ፊት ተዘርግቷል፣ መዳፉ ወደ ላይ ነው። ድንጋዩን ሊቀበል ነው የተነሣው። ወንድሙ ፊቱን ሲያዞርበት እጁ እንደተዘረጋ ጥቂት ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ። ካሴቱን እያጠነጠንኩ ደጋግሜ አየሁት፣ አለቀስኩም። ካለቀስኩ በኋላ ከምልከው ፊልም ቆርጬ አወጣሁት። ድንጋዩ ብቻውን አቧራ ላይ ቀርቶ ቢያልቅ ፊልሙ ይበልጥ ያምራል ብዬ ነው።

ካሴቱን ወስጄ ለሁለቱም ላሳያቸው እችል ነበር። መንገዱ የአንድ ቀን ነው። ግን ቢታረቁስ? ፊልሜ ውሸት ሊሆን ነው። ውጤቱ ይውጣና አሳያቸዋለሁ አልኩ።

አለፍኩ። ቃለ መጠይቅ ላይ አንዱ መምህር «ያቺ የመጨረሻዋ የድንጋዩ ምስል ከየት መጣችልህ?» ቢሉኝ «አስቤባት ነው» አልኩ፤ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ማለፌ አገር ቤት ሲሰማ ጋሼ ደሴ ከአባቴ ተደብቀው በባለቤታቸው እጅ ስንቅ ላኩልኝ። ጥሩ ተደርጎ ከተቆላ ገብስ የተፈጨ በሶ ነው። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ወር ያለፍኩት እሱን እየበጠበጥኩ ነው። ይጣፍጥ ነበር፣ እሱ ነው የባሰው።

ያልተቆረጠውን ዋናውን ካሴት ልውሰድ ብዬ ወደ ቪዲዮ ቤቱ ስሄድ ሰርግ ተቀርጾበታል። ጾሙ ወጥቶ ሥራ በዝቷል፣ ካሴት ደግሞ ውድ ነው፤ ሰውየው ምን ያድርግ? እኔም ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ለበዓል ስሄድ እነግራቸዋለሁ ስል ሁለተኛ ዓመት ሳልጨርስ አባቴ በድንገት ሞተ። ጋሼ ደሴ ከቀብሩ ራቅ ብለው ብቻቸውን ቆመው እንደ ሕፃን ሲነፈርቁ አየሁ። ያን ቀንም አልነገርኳቸውም።

የነገርኳቸው ዘንድሮ ለፋሲካ ነው። አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ቤታቸው ቁጭ ብለን ጠላ እየጠጣን «ጋሼ፣ ያን ቀን አባቴ የተነሣው ድንጋዩን ሊያወርድልዎ ነበር» አልኳቸው። «እጁን ዘርግቶ ነበር። በካሜራው አይቼዋለሁ።»

«የታለ ታዲያ?» አሉ።

«ጠፋ፣ ጋሼ። ሰርግ ተቀረጸበት። ያኔ ላሳያችሁ ሲገባኝ ለፊልሜ ብዬ ደበቅኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሳቅ አሉ፤ በክፋት አይደለም። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «ተው ልጄ። አባትህን ስለምትወደው ነው። እኔም ደስ እንዲለኝ ብለህ ነው፣ ተባረክ። ሊመታኝ እንደተነሣ አገር ያየው ነው። እኔ እንደሁ ይቅር ብዬዋለሁ፤ መቃብሩ ላይ ሄጄ ነው ያልኩት።»

ልምልላቸው አፌን ስከፍት «አትማል፣ በዓል ነው» አሉኝና ጠላ ጨመሩልኝ።

ተማሪዎቼ ሰውን የሚያሳምን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ ብዙ የምለው ነገር አለኝ። ያችን የተቆረጠች ፊልም ያየ ሁሉ አምኖኛል። በዓይኔ ያየሁትን ስናገር ግን አንድ ሽማግሌ ማሳመን አቃተኝ። አባቴ ባላጠፋው ጥፋት ይቅር ተብሎ ተኝቷል። እኔን ደግሞ ይቅር የሚለኝ የለም፤ ማጥፋቴን የሚያምንልኝ ሰው አጥቻለሁና።