አጎቴ የሚያርሟት ቃል

አጎቴን ደግ ነበሩ እያላችሁ የምታለቅሱ የአቃቂ ሰዎች፣ እኔ እንደዚያ አልልም። ወንድሜ የፋብሪካ ዘበኛ ገድለሃል ተብሎ ተፈርዶበት ቃሊቲ እስር ቤት ሲሞት፣ በቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፉት እሳቸው ነበሩ፤ የእድሩ ጸሐፊ ናቸውና። "ንጹሕ ነበር ብለው ይጻፉልኝ" ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"አንቺም አላየሽ፣ እኔም አላየሁ" አሉኝ። "ተፈርዶበታል፤ እስኪሞት አልገደልኩም ብሏል። እሱን ነው የምጽፈው።"

እንደዚያው ተነበበ። ከዚያ ወዲህም ጎረቤት "ገዳዩ" ሲል "ተፈረደበት በሉ" ይሉ ነበር፤ እኔ "ንጹሑ" ስል ደግሞ "አልገደልኩም ብሏል በይ" ይሉኝ ነበር። ለዓመታት አኮረፍኳቸው።

ትናንት በለቅሷቸው ድንኳን አንዲት ጎረቤት፣ እንድሰማ ጮክ ብላ፣ "የገዳዩ እህት መጣች" አለች። ማንም አላረማትም። አጎቴ በየለቅሶው በሩ አጠገብ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ባዶ ነበር።

"ተፈረደበት በይ" አልኳት።

"አንቺስ ምን ልትይ ነው?"

ንጹሕ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ዓይኔ ወንበሩ ላይ አረፈ።

"እስኪሞት አልገደልኩም ብሏል" አልኩ።

እኔ ግን እሳቸውን አሁንም አኩርፌያቸዋለሁ።