ብረቱ ዝቅ ያለው ሳይክል

ማስቲሽ ሲሸተኝ ዛሬም ልጅ እሆናለሁ። የጋሽ አብዱልሰመድ ሳይክል ቤት ከአወቱ ወንዝ ድልድይ አለፍ ብሎ ነበር፤ ከሩቅ የሚታወቀውም በዚያ ሽታ ነው። የተቀደደ ጎማ የሚለጠፍበት ማስቲሽ፣ ዝናብ ያራሰው ላስቲክ፣ የካቴና ግራሶ። በእኛ ዘመን የጅማ ልጅ ሳይክል የለመደው እዚያ ነው። ያከራዩናል፣ ኮርቻውን ይዘው እየሮጡ ይገፉናል፤ መቼ እንደለቀቁን ሳናውቅ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር እንደርሳለን።

አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፣ ሱዓድ። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ መንዳት የቻለችው እሷ ናት። አባቷ ሥራ ሲበዛባቸው የኔን ኮርቻ ይዛ የምትገፋኝም እሷ ነበረች። አባቷን «አንተ» ነበር የምትላቸው። «አባባ! ና ምሳህን ብላ፣ ሊቀዘቅዝብህ ነው!» ስትል ከድልድዩ ማዶ ይሰማል። እሳቸውም «መጣሁ፣ ኢንታላ ኮ» ይላሉ፤ መጣሁ ልጄ ማለታቸው ነው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ተከትለዋት ይሄዳሉ።

በ1974 ዓ.ም. ሱዓድ አምስተኛ ክፍል ሳለች ቃል ገቡላት። «አንደኛ ውጪልኝ እንጂ፣ ያንቺ ብቻ የሆነ ሳይክል እሠራልሻለሁ» አሏት። ቸርኬውን ከአንዱ፣ መሪውን ከሌላው ወዳቂ እየለቃቀሙ ዓመቱን ሙሉ ሠሩት። ከኮርቻው ወደ መሪው የሚሄደውን የመሃሉን ብረት ቆርጠው፣ ዝቅ አድርገው በየዱት፤ ቀሚስ ለለበሰ እንዲመች ነው። ቀይ ቀለም ቀብተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ሱዓድ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር ቀና ብላ ሳታየው ወደ ቤት አትገባም ነበር።

ሰኔ ላይ አንደኛ ወጣች። ካርዷን ይዛ እየሮጠች ስትመጣ ሳይክሉ የተሰቀለበት ሚስማር ባዶ ነበር።

ሳይክሉ እኛ ቤት ነበር። አባቴ የንግድ ፈቃድ የሚፈርሙ የመንግሥት ሹም ነበሩ፤ ያን ዕለት ጠዋት ገዝተው አመጡልኝ። ጋሽ አብዱልሰመድ ለሱዓድ «ሳይክል ለሴት ልጅ ነውር ነው አሉኝ፤ ሰው ምን ይላል?» እንዳሏት የሰማሁት ቆይቼ ነው። አላለቀሰችም። እየነዳሁ በበራቸው ሳልፍ ቆማ አየችኝ። የሰፈሩ ልጆች የብረቱን ዝቅ ማለት አይተው «ወንዴ! ቀሚስህን ምነው ረሳኸው?» እያሉ ሲያሽካኩብኝ እንኳ እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ አባቷን ምሳ ልትጠራ መጣች። እኔ ጎማ ላስነፋ እዚያው ነበርሁ።

«አባባ፣ ምሳ ቀርቧል፤ ይምጡ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ አደነቀ። «ማሻአላህ! ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ አሳደግህ!» ይሏቸዋል። እሳቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። እኛ ትሕትና መስሎን ነበር።

ሱዓድ አድጋ አዋላጅ ነርስ ሆነች። ከአጋሮ ወደ ውስጥ በሚገባው የቡና አገር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ሠላሳ ዓመት አገለገለች። ምጥ የያዛት ሴት አለች ሲሏት ቦርሳዋን አንግታ በቡናው ሥር፣ በቀዩ ጭቃ፣ በእግሯ ትሄዳለች። ለበዓል ጅማ ትመጣለች፤ የአባቷን እጅ ትስማለች፤ ስትሄድም ደጃፉ ላይ ዞር ብላ «አላህ ያቆይልን አባባ፣ ደህና ይሁኑ» ትላለች። ከሥርዓቱ አንድም የሚጎድል የለም። ሳይክል ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣችም።

ባለፈው ግንቦት ጋሽ አብዱልሰመድ ከዘራቸውን ተደግፈው ቤቴ መጡ። ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል።

«ወንድዬ፣ ሱቅ አብረኸኝ ሂድ፤ የምታነብልኝ ወረቀት አለ። የሱዓድ ጉልበት አለቀ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሳይክል መጥቷል ይላሉ፤ ጎማው የበሬ ወገብ የሚያህል፣ ጭቃ የማይዘው። ደግሞ ይታጠፋል አሉ። ሚኒባስ ላይ ትጭነዋለች፣ ማታ ክፍሏ ታስገባዋለች።»

«መልካም ነው፣ ጋሼ። ግን ከየት አምጥተው ይገዛሉ?»

«ሳይክል ቤቱን ሸጥኩት።»

«ሸጡት? ለዚህ?»

«ሌላ ለምን ይሆነኛል?» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «እስክሞት አንድ ጊዜ ‹አንተ› ብትለኝ ይበቃኛል።»

አንገት መድፋታቸው ምን እንደነበረ የገባኝ በዚያች ደቂቃ ነው።

የሱቁ ባለቤት አብዱልሃዲ ሁለት ዓይነት ነበረው፤ ትልቅ ጥቁርና አነስ ያለ አረንጓዴ። ሁለቱም ወፍራም ጎማ አላቸው፤ ሁለቱም ወገባቸው ላይ ይታጠፋሉ።

«ፋዘር፣ እኔን ይስሙኝ፤ ጥቁሩን ይውሰዱ» አለ። «ባትሪው ድርብ ነው። ከአጋሮ ጅማ ደርሶ ገና ይተርፈዋል። አውሬ ነው!»

«አውሬ ምን ያደርግላታል? ልጄ አዋላጅ ናት እንጂ አዳኝ አይደለችም።»

ወረቀቱን አነበብሁላቸው። ጥቁሩ ሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሠላሳ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። አረንጓዴው የጥቁሩን ግማሽ መንገድ ቢሄድ ነው፤ እሱን ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ታነሳዋለች። ጋሽ አብዱልሰመድ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ቁጢጥ አሉ። የኋላውን ጎማ አሽከረከሩና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይሄ ነገር ድምፅ የለውም?»

«ጥራቱ እኮ ነው፣ ፋዘር!»

«ሳይክል ካልጮኸ የታመመበትን በምን ይናገራል?» እያሉ መታጠፊያውን በአውራ ጣታቸው ፈተሹት። «የማይታጠፍ የለህም?»

«ኧረ ፋዘር! ሰው የሚፈልገው እኮ መታጠፉን ነው!»

«የሚታጠፍ ነገር ይዤ እንዴት እሷ ፊት ልቅረብ?»

አብዱልሃዲ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የታጠፈው የገቡላት ቃል እንደነበር አውቃለሁና።

ከዚያ እጃቸው የአረንጓዴውን የመሃል ብረት አገኘ። ብረቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ቀሚስ ለለበሰ ይመቻል። መዳፋቸው እዚያ ላይ ቆየ። ደንበኛ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ወጣ፤ እሳቸው አልተነሡም።

«ይኸኛው ይሁን» አሉ በመጨረሻ።

«ፋዘር፣ ነገ እንዳይወቅሱኝ፤ ባትሪው መንገድ ላይ ሊያልቅባት ይችላል።»

«ሲያልቅባት በፔዳሉ ትነዳዋለች። መንዳት ታውቃለች።»

ለአረፋ ሱዓድ መጣች። ጋሽ አብዱልሰመድ እኔንም ጠርተውኝ ስለነበር ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጫማዋ ላይ የአጋሮ ጭቃ እንዳለ ነው፤ እግሯን ስታጥፍ ፊቷ ይኮማተራል። የአባቷን እጅ ሳመች፣ ቡና የሚጭኑ መኪኖች መንገዱን እንዳበላሹት አወራች፣ ምሳ በላን። ከዚያ እሳቸው ተነሥተው ጥግ ላይ ያለውን አንሶላ ገለጡ።

ሱዓድ ሳይክሉን፣ ከዚያም አባቷን አየች።

«ለኔ ነው?»

«ኤዬ፣ ላንቺ ነው። ጭቃ አይዘውም። ደግሞ እይው...» ሊያጥፉላት ጎንበስ አሉ፤ መቆለፊያው እምቢ አላቸው።

«ይተዉት አባባ፣ እንዳይቆርጥዎት። አላህ ይስጥልን፤ ለምን ተቸገሩ?» አለች በለስላሳ ድምፅ። ቀጥላም ፈገግ ብላ «ግን በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል? ለሴት ነውር ነው ብለውኝ አልነበር?» አለች።

የተቀመጥሁበት ወንበር ጠበበኝ። ጋሽ አብዱልሰመድ ቀና ብለው መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው።

«ወንድዬ፣ ይቅር በለኝ፤ አባትህ አልፈዋል፣ ሟች አይወቀስም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነውር ነው ያለኝ ሰው የለም፣ ኢንታላ ኮ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የዚህ ልጅ አባት ሳይክሉ ተሰቅሎ አዩትና ‹ለልጄ ልክ ነው› አሉኝ። የዚያ ዓመት ፈቃዴ ሳይፈረም ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። የልጄ ነው የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ፈራሁ። አባቴ ፈሪ ነው ከምትይ፣ ሰው ከልክሎት ነው በይ ብዬ ዋሸሁሽ።»

ሱዓድ ወደ ሳይክሉ ተጠጋች። ዝቅ ያለውን ብረት በጣቷ ነካችው። የቀዩንም ብረት ማን ዝቅ እንዳደረገው ያስታወሰች ይመስለኛል።

«አንተ...» አለች።

ድምጿ የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ድምፅ አልነበረም። ከድልድዩ ማዶ የሚሰማው ያ የጥንቱ ነው።

«አንተ አባባ! ሴት ስለሆንኩ የነፈግከኝ መስሎኝ እኮ ነው አርባ ሦስት ዓመት የኖርኩት። ስንት ሴት ልጅ በዚህ እጄ ስቀበል፣ ይችንስ ምን ይነፍጓት ይሆን እያልኩ ነው የጠቀለልኳት። ፈርቼ ነው ብትለኝ አቅፍህ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አቅፍህ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

ጋሽ አብዱልሰመድ ሲጠብቋት የኖሩት ቃል መጣች። ቀኝ እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

ሱዓድ እጃቸውን አየችው። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ሻሿን አስተካከለች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ዞር የምትል መስሎን ሁለታችንም ጠበቅን። አልዞረችም። ሳይክሉን እዚያው ትታ ወጣች።