ለሬሳ የተወጋ ክትባት

«አፍንጫው» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት መኪና ስር የኖረ መካኒክ ነው፤ ዲፕሎማ የለውም። ዲፕሎማ የሌለውን መናቅ እንችልበታለን፤ መኪናችን እምቢ ሲል ግን የማንን በር እንደምናንኳኳም አይጠፋንም።

ያን ቀን ያስጠራችው ጎረቤቴ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ ነበረች። የባሏ ግማሽ ጎን አልታዘዝ ካለ ወዲህ መኪናው ሁለት ዓመት ግቢ ቆሟል። ሐኪሙ «በሳምንት ሦስቴ ለእንቅስቃሴ ሕክምና ይምጣ፤ ከዘገየ እግሩ አይመለስም» ብሏታል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ነገ ጠዋት ነው። እኔም አዲስ የመኪና ባትሪ ተሸክሜ መካኒኩን ተከተልኩት።

የልጇ ባል ቁልፉን እያሽከረከረ ጠበቀን። «የጎደለው ባትሪ ብቻ ነው ጋሼ። ለቤንዚኑ መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ!» ባዶ ጠርሙስ አሳየ።

«መቼ?» አለ አፍንጫው።

«ትናንት።»

«ለሬሳ ክትባት ወጋሁ በለኛ!»

የታንኩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። አንዴ ብቻ። «ቁልፉን ወዲህ በል። ካዞርከው ውኃው ፓምፑ ውስጥ ይገባል።»

«የምን ውኃ?»

አፍንጫው ከታንኩ ወለል በቱቦ ስቦ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳና ደረጃው ላይ አስቀመጠው። ዓይናችን እያየ ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ቢጫ፣ ከታች ድፍርስ።

«ኢታኖል ይቀላቅሉበታል፤ ያው አልኮል ነው። ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ይከርማል። ሲጠግብ ቤንዚኑን ጥሎ ከውኃው ጋር ታች ይወርዳል።»

«ሲጠግብ ጥሎ የሚሄድ? እንደ አንዳንድ አማች!» አለች አዋላጇ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። በብረት የተዘጋውን ይህ ሰው በአፍንጫው አይቶታል! የሚያንገበግበኝ ያ ጠርሙስ ነው። ሻጩ «መድኃኒት» ይለዋል እንጂ፣ መኪናው በሚቆምበት ቀን ትኩስ ቤንዚን ላይ ጨምረው ሞተሩን ጥቂት የሚያሠሩበት ማቆያ መሆኑን አይናገርም። ያቆያል እንጂ አያድንም። ምን አለ አፉን ሞልቶ ቢናገር?

አፍንጫው ታንኩን አወረደ፣ አጠበ፣ ፊልትሮውን ቀየረ፣ የቤንዚን መስመሩን ነፋ። ባዶ ሆዱን ዋለ። አመሻሽ ላይ ባትሪውን ገጥሞ ትኩስ ቤንዚን ቀዳና ቁልፉን ለአዋላጇ ሰጣት። «እትዬ፣ አንቺው አዋልጂው።»

ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰ። በሦስተኛው ተነሳ።

ከመኝታ ቤቱ መስኮት የባሏ ድምፅ ተሰማ፤ «ኧረ ቀስ! ነዳጅ አትርገጪበት ሴትዮ፣ መጀመሪያ ይሙቅ!»

«ነገ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትቆጣኛለህ!» ብላ ጮኸችበት፤ እንባዋ ግን መሪው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።