እንደ መርዶ ቀስ እያለ የመጣ መልእክት

ገነቴ ፈሪ ሴት አይደለችም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገርላት። በኮባ ተጠቅልሎ የታሰረ ቅቤዋን ከፎንቆ ጭና፣ ከሾፌሩ ጋር መንገዱን ሙሉ ስትጨቃጨቅ ሆሳዕና የምትገባ ሴት ናት። ገበያ ላይ ቅቤዋን በጣቱ ልሶ ሳይገዛ ሊያልፍ የሚሞክር ካለም፣ «ጣትህን እዚሁ ትተህ ሂድ!» ብላ አስደንግጣ ትመልሰዋለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት አንድ የስልክ መልእክት እንቅልፍ ነሳት ቢባል፣ የሚያውቋት ሁሉ መጀመሪያ መሳቃቸው አይቀርም።

ነገሩ የተጀመረው እዚያው ገበያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማኅሌት በየመደቡ እየዞረች የሴቶቹን ስምና ስልክ ቁጥር መዘገበች።

«ስለ ማህፀን በር ካንሰር ምርመራ መልእክት ይመጣላችኋል» አለች። «የሚልከው ሰው እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተር ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት። የገባችሁንም ያልገባችሁንም ጻፉለት፣ ይመልስላችኋል።»

ከገነቴ አጠገብ በርበሬ የምትሸጠው ብርነሽ ቀበል አድርጋ፣ «ጎሽ! የኔስ ባል ስጠይቀው መልሶልኝ አያውቅም» አለችና መደቡን ሁሉ አሳቀችው። ገነቴም ከሁሉም በላይ ሳቀች።

የመጀመሪያው መልእክት ሲመጣ ግን ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ገነቴ፤ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ ደህና ነው?» ይላል። ቀጥሎ የመጣው፣ አንዳንድ በሽታ ሲጀምር ምንም ሕመም እንደሌለው፣ ሰውም ሳይታወቀው ሥራውን እየሠራ ሊከርም እንደሚችል ነገራት። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ወደ ጤና ጣቢያው ሲመጡ የሚቀርብዎትን ሰው ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ገነቴ ፈራች።

ለምን ቢባል፣ ይህን አካሄድ ታውቀዋለች። እህቷ ሶስና ዱራሜ ያረፈች ጊዜ ማንም ሰው ሶስና ሞተች ብሎ አልነገራትም። ጎረቤቶች ጎህ ሳይቀድ መጡና እንዴት አደርሽ አሏት። ሶስናን ሕመሟ ትንሽ ብሶባታል፣ ሄደን እንያት አሏት። መኪና ውስጥ ጠንከር አድርጎባታል አሉ። መንገድ ላይ አንጋጫ ሲደርሱ ግራና ቀኝ ይዘው አይዞሽ አሏት። የቀረውን የነገራት የሶስና ደጃፍ ላይ የተተከለው ድንኳን ነው። በአገሩ ክፉ ወሬ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ሰላምታው ይቀድማል፣ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ የሚደግፍ ሰው በአጠገብ እየተደረገ። ስልኳ ላይ የመጣው ነገር ደግሞ ከሰላምታው እስከ ደጋፊው ድረስ ያንኑ ደረጃ ይዞ ነው የመጣው።

«አውቀውታል» አለች በልቧ። «አውቀውታል፣ ሊነግሩኝ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገቧን ያማት ጀመር። ሌሊቱንም ስትገላበጥ ታነጋለች። ባሏ ብዙነህ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ዘወትር ስለ ጫማው ቦታ እንኳ የሚነጫነጭ ሰው። ያን ሰሞን ታዲያ ደክሟት አይቶ ኖሮ የቅቤውን ቅርጫት ተቀበላት። ይህም ሌላ ፍርሃት ሆነባት።

«ምን ሰምተህ ነው?» አለችው።

«ምን እሰማለሁ?»

«ታዲያ ቅርጫቱን ለምን ተሸከምክልኝ?»

«ኧረ በጌታ! ተሸክሜ ልጠየቅ?» አለ ብዙነህ። መልእክቱን አሳየችው። መነጽሩን አድርጎ አነበበና፣ «ይሄ ለሴቱ ሁሉ የሚላክ ነው» አላት።

«ለአንተ ለምን አልመጣም?»

«እኔ ማህፀን አለኝ እንዴ፣ አንቺ ሰው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሳቁ ራሱ እሷን ለማባበል የተደረገ መሰላት። በማግስቱ መደቧ ላይ ተቀምጣ ለማሽኑ ጻፈችለት። «እውነቱን ንገረኝ። እህቴ በዚህ በሽታ ነው የሞተችው። የኔን አውቃችኋል ወይ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ስለ እህትዎ በጣም አዝናለሁ። እኔ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነኝ። ስለ እርስዎ ጤንነት የማውቀው ነገር የለም፤ እስካሁንም ማንም አልመረመረዎትም። አይዞዎት።»

ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ቀረች፤ አንጋጫ ላይ የሰማቻት ቃል። ደግሞስ መርዶ ነጋሪ ምንም አላውቅም ይል የለም? ምንም የለም እያለ አይደል የሚያደርሰው? ማሽኑ ባስተባበለ ቁጥር እሷ ይበልጥ እያመነች ሄደች።

ብርነሽ ይህን ሁሉ ከበርበሬዋ ጀርባ ሆና ስታይ ቆይታ ኖሮ፣ «አንቺ፣ ቅቤሽ ቀለጠ እኮ! ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። ገነቴም አልቻለችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«ለኔም ይመጣል እኮ» አለች ብርነሽ። «ይኸው እይ።»

ገነቴ ተቀብላ አነበበች። ብርነሽ፣ «ቆንጆ ነህ ወይ? ሚስት አለህ?» ብላ ጽፋለታለች። እሱም፣ «መልክም ሚስትም የለኝም፤ ቀጠሮ ግን አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ይመችዎታል?» ብሏታል።

ገነቴ ስልኩን መለሰችላት። ፊቷ አመድ መስሏል። «አየሽ? ከአንቺ ጋር ይቀልዳል። እኔን አይዞሽ ይለኛል። ከሚሞት ሰው ጋር ማን ይቀልዳል?»

«አንቺ እያለቀስሽ ጻፍሽለታ! እኔ እየሳቅሁ ጻፍኩለት። እንደ አመጣጣችን ነው የሚቀበለን» አለች ብርነሽ። «አንቺስ ለወንጌላዊውና ለሰካራሙ በአንድ አፍ ነው ቅቤ የምትሸጪው?»

ይህ ነገር ገነቴን ያዝ አደረጋት። እውነት ነው፤ ገዢን አይቶ ቃል መምረጥ የራሷም ሥራ ነው። ሙሉ በሙሉ አላመነችም፤ ግን ግማሽ ልቧ ተመለሰ። ብርነሽም ያቺን ግማሽ ሳትጠፋ ልያዛት ብላ፣ «ማክሰኞ አብረን ነን። አንቺ ትቀድሚያለሽ፣ እኔ እከተላለሁ» አለቻት።

ማክሰኞ ጠዋት ባጃጅ ይዘው ሄዱ። ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚው ሞልቷል፤ የሚያወራ ሰው ግን የለም። ብርነሽ ብቻ ስለ ባጃጁ ሾፌር አነዳድ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ሁሉም ታወራለች። የገነቴ ስም ሲጠራ ወደ መውጫው ዞር ብላ አየች። ሶስና ትዝ አለቻት፤ የበሽታዋን ስም ቤተሰቡ ሁሉ ሲያውቀው እሷ ራሷ ሳትሰማው የሞተችው ሶስና። ተነሳችና ገባች።

ሲስተር አዜብ ቀጭን፣ ቸኩላ የምትናገር ሴት ናት። አስተኛቻትና ጥጥ አቸቶ ውስጥ ነክራ ማህፀኗ በር ላይ ቀባች፤ ጤነኛ ያልሆነ ቦታ ካለ እንዲነጣ ጥቂት ጠበቀች፤ መብራቱን አስጠግታ አየች። ገነቴ ጣራውን እያየች እጇን የሚይዛት ሰው ትጠብቃለች። ማንም አልያዛትም።

«ነጭ ቦታ አለ» አለች ሲስተር አዜብ።

«ካንሰሩ ነው?» አለች ገነቴ።

«ካንሰር ነው የሚያሰኝ ምልክት አላየሁም። ዝም ከተባለ ግን ከዓመታት በኋላ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ዛሬውኑ በሙቀት እናቃጥለዋለን፤ ትንሽ ይቆነጥጥዎታል። ከዓመት በኋላ ደግሞ መጥተው ይታያሉ። ልጀምር?»

በቃ፤ እንዲህ ፊት ለፊት። አይዞሽ የለም፣ ጥቂት ጥቂት የለም። ገነቴ ከዚያ ሁሉ ሰሞን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በደንብ ገባት፤ የሚቀብሩትን ሰው እንዲህ አይናገሩትም። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ዓመቱን ሙሉ አብሯት እንደሚከርም ታውቃለች። ግን ወገቧን ሲያማት የከረመው ነገር ልኩ ታውቆ አነስ አለላት። «ጀምሪ፣ ልጄ» አለች።

ስትወጣ አግዳሚው ላይ የብርነሽ ቦታ ባዶ ነው። ሴቶቹ በአገጫቸው ወደ ውጭ ጠቆሟት። ገነቴ ሆዷን ይዛ ቀስ እያለች ወጣች። ብርነሽ በሩ ጋ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች፤ ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«ምን አሉሽ?» አለች ብርነሽ፣ ገና ከሩቁ። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

ገነቴ አይዞሽ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ነጭ ነገር ተገኘብኝ። አቃጠሉት። አሞኛል፤ አልሞትኩም። አንቺን ገና ማንም አላየሽም። ግቢ።»

ብርነሽ እግሯ እየተጎተተ ተከተለቻት።