ስንት ምጣድ ይበላል?

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ፣ ገና የካፌውን ወረፋ በቅጡ ሳልለምድ፣ አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ጠየቀኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡራዩ ወዳለው ቤታችን ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ «አንቺ ምሁር፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የሦስት ኤሌክትሪክ መኪኖች ፎቶ ዘርግቷል።

«ከነዚህ አንዱን ልገዛ ነው። አጥኚልኝ።»

«እኔ እኮ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም አባዬ።»

«እኔስ ከቤንዚን ሌላ ምን አውቃለሁ? አንቺ ቢያንስ ማንበብ አይሰለችሽም።»

አባቴ የኮንትራት ሾፌር ነው። ጠዋት ሦስት ደንበኞችን ከቡራዩ ጭኖ አዲስ አበባ ሥራ ቦታቸው ያደርሳል፤ ማታ ይመልሳቸዋል። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ ሦስተኛው በጣም ረጅም የሒሳብ አስተማሪ። የምንኖረው በእነሱ ነው ማለት ይቻላል። ያን ሰሞን ግን አባቴ ከመንገድ ይልቅ ማደያ ሰልፍ ላይ ነበር የሚውለው። ሁለት ቀን ደንበኞቹን አስረፈደ። በሦስተኛው ቀን አስተማሪው በትሕትና «ወንድሜ፣ እኛንም ተማሪ ይጠብቀናል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው መፈለጋችን ነው» አለው። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ፈገግ እያለ ነበር፤ እናቴ ግን ፈገግ አላለችም። ለድሮዋ መኪና ገዢ ተገኝቷል። የቀረው በምትኳ የምትገባዋን መምረጥ ነበር፤ እሱም በእኔ ላይ ወደቀ።

ሥራውን ከሚገባው በላይ አክብጄ ያዝኩት። አዲስ ደብተር ገዛሁ፣ በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ ዋጋ፣ በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት፣ ቻርጅ ለማድረግ የሚፈጀው ሰዓት፣ የወንበር ብዛት፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ መለዋወጫ። እያንዳንዱ ከአሥር ይታረማል። የመኪኖቹን ስም እዚህ አልጽፍም፤ እኛ ቤትም ለአፋችን ስላልተመቹ «ነጩ»፣ «ግራጫው» እና «ቢጫዋ» ነበር የምንላቸው።

ነጩን ያየነው በዚያው ዕለት ሰበታ፣ መንገድ ዳር ካለ መሸጫ ነው። ቁመቱ ግርማ አለው፤ ውስጡ የአዲስ ጫማ ሽታ ይሸታል፤ መሀሉ ላይ የቤታችንን ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን ተለጥፏል። ሻጩ ቀጠን ያለ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። ጣሪያው በመስታወት መሆኑን፣ ወንበሩ ጀርባ እንደሚያሽ፣ አንዴ ከተሞላ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታን ቀኑን ሙሉ ቢዞሩበት ባትሪው እንደማያልቅ ነገረን። አባቴ ተንበርክኮ ከሆዱ በታች ያለውን ክፍተት በስንዝር ለካ። የሠፈራችንን ጉድጓዶች እያሰበ መሆኑ ገባኝ።

«መለዋወጫ ይገኛል?» አለው።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ አይበላሽም!»

«የማይበላሽ መኪና እንኳ ሰምቼ አላውቅም ወንድሜ። ሰው ራሱ ይበላሽ የለ?»

ሻጩ ስቆ ስክሪኑን ነካ አደረገ። መኪናው በሴት ድምፅ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረ። አባቴ ደንግጦ እጁን ከበሩ ላይ አነሳና «ይቅርታ» አለ። ሰበታ ያየነውን ሁሉ ረስቼ ያቺን «ይቅርታ» ግን እስካሁን አልረሳኋትም። ደብተሬ ላይ ለስክሪኑ አሥር ከአሥር ሰጠሁ፤ ቋንቋውን ልንለምደው እንችላለን ብዬ።

ግራጫውን ፍለጋ በማግስቱ ሱሉልታ ወጣን። ባለቤቱ ወተት እየሰበሰቡ ከተማ የሚያከፋፍሉ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው፤ ሁሉም ሰው በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ አቶ እያለ ነው የሚጠራቸው። «አካም ቡልተኒ?» ብለው ደህና ማደራችንን ጠይቀው ተቀበሉን፤ አባቴም በኦሮምኛው መለሰላቸው። ከዚያ ንግግሩ እንደተለመደው ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቀ ቀጠለ። ከወተት ጣሳዎቹ ጋር ተጠጋግተን አብረናቸው ወደ አዲስ አበባ ወረድን። ኦቦ በጣታቸው የባትሪውን ቁጥር ያሳዩናል።

«አየሽ ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መልሶ ይሞላል። ቁጥሩ ጨመረ አልጨመረ?»

«ጨመረ!» አልኩ፤ እውነትም ሁለት ጨምሮ ነበር።

«ወተት ጭኜ እየወረድኩ ያተርፋል። ስመለስ ግን ዳገቱ ያተረፍኩትን ሁሉ ከነወለዱ ይቀበለኛል።» በሳቅ መሪውን መታ መታ አደረጉ። «ብርዱም አለ። የሱሉልታ ብርድ ላም ብቻ መሰለሽ የሚጎዳው? ባትሪም ጠዋት ጠዋት ይኮራመታል።»

የት ቻርጅ እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው «እኔማ ለወተት ማቀዝቀዣው ያስገባሁት ኃይለኛ መስመር አለ» አሉኝ። ይህን ደብተሬ ጠርዝ ላይ በትንሹ ጻፍኩት። ሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ቢጫዋ ሩቅ አላስኬደችንም። ከእኛ በሦስተኛው አጥር ፋርማሲ ያላት ጎረቤታችን ናት የምትነዳት። ቢጫዋ ጠባብ ናት፤ ሾፌሩን ጨምሮ አራት ሰው ትይዛለች፤ ስክሪኗ ከስልኬ ብዙም አይበልጥም። «ወረቀቱ ላይ መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይላል፤ አንቺ መቶ ሠላሳውን እመኚ» አለችኝ ጎረቤታችን፣ እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ረጋ ብላ እያስረዳችኝ። ዋጋዋ ከሦስቱ ዝቅተኛው ነበር። አባቴ ገብቶ ተቀመጠና ወደ ኋላ ዞሮ አየ። የሒሳብ አስተማሪውን ጉልበት የት እንደሚያደርገው እያሰበ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ነጥቡን ደመርኩ። ነጩ አንደኛ፣ ግራጫው ሁለተኛ፣ ቢጫዋ በሰፊ ልዩነት ሦስተኛ። በዋጋ ነጩ ከባድ ቢሆንም በሌላው ሁሉ ስላሸነፈ አባቴ ከድሮዋ መኪና ሽያጭ ላይ ብድር ሊጨምርበት ወሰነ። ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተውና «በቃ፣ እማማን አሳውቄ ነገ ሰበታ እሄዳለሁ» ብሎ ተነሳ።

እማማ የምንላቸው አከራያችን ናቸው። ቡራዩ ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ የኖሩ ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ አራት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል። አራታችንም ከእሳቸው ጋር በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ የመጋዘናቸው በር ላይ የምጣድ ተራ የተጻፈበት ካርቶን ተሰቅሏል፦ ሰኞ የእማማ፣ ማክሰኞ የአናጺው ቤት፣ እያለ ቅዳሜ እኛ ላይ ይደርሳል። በዚያ ግቢ ተራ መዝለል ከስድብ ይብሳል። አንድ ጊዜ ተራውን ያልጠበቀ ተከራይ ሽቦ አቃጥሎ አምስት ቀን ጨለማ ውስጥ ከርመናል።

አባቴ ጉዳዩን ሲነግራቸው እማማ ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙት። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቁት።

«ስንት ምጣድ ይበላል?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ደብተሬን ገለጥኩ። የመስታወት ጣሪያ ነበር፣ የሚያሽ ወንበር ነበር፤ ይህ ግን አልነበረም።

«አላወቃችሁም» አሉ እማማ። «ላኪ!» አሉ በኦሮምኛ፣ አይሆንም ማለታቸው ነው፤ «እዚህ ግቢ አይሰካም። ቤቴን አላስቃጥልም።»

አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ከተማ ውስጥ ፈጣን ቻርጅ የሚያደርጉበት ቦታ አለ ይባላል» አለ ወደ ቤት ስንገባ። እናቴ ምስር እየለቀመች ቀና ሳትል «ወረፋ የለውም?» አለችው። እሱም እንዳለው እናውቃለን። ከማደያ ሰልፍ ወጥቶ ሌላ ሰልፍ ሊገባ ነው፤ ደንበኞቹ ደግሞ ቀን እየቆጠሩ ነው። ሎጂክ የሚያስተምረን መምህር ድምዳሜያችሁ የሚቆመው በመነሻችሁ ላይ ነው ሲለን ከሁሉም ቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የእኔ መነሻ ግን አንድ ሶኬት እንደልብ አለን የሚል ነበር፤ ሶኬቱ የእማማ መሆኑን አልጻፍኩትም።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ አልተመለስኩም። አዲስ ገጽ ገለጥኩና በእማማ ጥያቄ ጀመርኩ። ጎረቤታችን የቻርጀሯን መግለጫ አሳየችኝ። አናጺው ደግሞ ምጣዱ ሥር የተጻፈውን ቁጥር ገልብጦ አነበበልኝ። ሁለቱን ሳነጻጽር ዓይኔን አላመንኩም፤ መኪናው በቤት ሶኬት ሲሞላ አንድ ምጣድ እንኳ አይበላም፤ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ግን ምጣድ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ሲያርፍ እሱ ሰዓታት ይቆያል። ካርቶኑ ላይ ማንም የማይጋግርበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ አየሁ፦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ። ስምንት ሰዓት።

ያኔ ነው ሠንጠረዤ የተገለበጠው። ስምንት ሰዓት ውስጥ ከሶኬቱ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ለማንኛውም መኪና ያው ነው። ቢጫዋን ሞልቷት ያድራል፤ የአባቴን ቀን ሙሉ ምልልስ ችሎ ይተርፋል። ለነጩ ግን ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ክብደቱም ለተመሳሳይ መንገድ ይበልጥ ያስበላዋል። የኦቦ ዓይነት ኃይለኛ መስመር ለሌለን ለእኛ ግራጫውም አይሆንም። በጀሪካን ውሃ ለሚቀዳ ቤት በርሜል ልንገዛ ነበር፤ ያውም በብድር።

ለአባቴ ሳሳየው ረጅም ጊዜ አየው። «ሦስተኛ የወጣችው?» አለ።

«ሦስተኛ የወጣችው።»

«አስተማሪውን ከፊት አስቀምጠዋለሁ» አለና ተነሳ።

እማማ ወረቀት አላሳመናቸውም። «ዓይኔ ይይ» አሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን ቢጫዋን ወደ ግቢያችን አስገባችልን፤ አናጺው ከቆጣሪው ሥር ለብቻው ወፍራም ሽቦ የሚዘረጋ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ተሰካች። እማማ በርጩማቸውን ቆጣሪው ሥር አስመጥተው ተቀመጡ፤ በየጥቂት ደቂቃው እንደ ታማሚ ግንባር ሽቦውን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ተከራዩ በሙሉ ወጥቶ ከቧቸዋል።

«እማማ፣ መኪናዋ ስንት እንጀራ አወጣች?» አላቸው አናጺው።

«ዝም በል አንተ! ሲያወሩ ይሞቃል።»

አንድ ሰዓት አለፈ። ሽቦው ቀዝቃዛ ነው። እማማ ፊታቸው መፈታት ሲጀምር ድንገት ጧ! አለ፤ ብሬከሩ ወረደ፤ የሁሉም ሬዲዮ ባንዴ ጸጥ አለ።

«አላልኩም?» ብለው በዱላቸው ተነሱ እማማ። የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያኔ ከእኛ ቤት በር እናቴ ሊጥ የነካው እጇን አንከርፍፋ ብቅ አለች።

«መብራት ሄደ እንዴ? ገና ምጣዱን ማሰማቴ እኮ ነው!»

ቅዳሜ ነበር። ተራው የእኛ ነው። እናቴ ለዓመታት እንደምታደርገው ቅዳሜ ጠዋት ምጣዷን ሰካች፤ እኔም ያን ሁሉ ሳሰላ ቀኑ የማን ተራ እንደሆነ ልብ አላልኩም። መጀመሪያ የሳቀው አናጺው ነው፤ ከዚያ ጎረቤታችን፤ በመጨረሻ አባቴ ግድግዳ ተደግፎ። እማማ ግን ሳይስቁ ሽቦውን እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ እናቴን አዩ።

«የመኪናዋ ሽቦ ቀዝቃዛ ነው» አሉ እንደ ዳኛ። «ጥፋቱ የምጣድ ነው። ተራ ያልተሰጣት መኪና በምን ትጠየቃለች?»

«ታዲያ ተራ ይስጧታ እማማ» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

እማማ ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። «ማታ ነው። ቆጣሪዋም ለብቻዋ። አንድ ነገር ግን አለኝ፤ ያቺ አሮጌ መኪናህ ንጋት ላይ ስትንኳኳ ነው ለጸሎት የምነሳው። ይቺ ድምፅ የላትም። ማን ሊቀሰቅሰኝ ነው?»

«እኔ መስኮትዎን አንኳኩቼ እሄዳለሁ።»

«ገለቶማ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑት፤ ወደ እኔ ዞረውም «ጻፊያ እንግዲህ» አሉኝ። ካርቶኑን አወረድኩና ከሁሉም በታች፣ ባለኝ ምርጥ የእጅ ጽሑፍ፣ «መኪና፦ ሁልጊዜ ከምሽቱ ሦስት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ» ብዬ ጨመርኩ።

አባቴ በዚያው ሳምንት የራሱን ቢጫ መኪና ገዛ፤ ወሩ ሳያልቅም ሦስቱ ደንበኞች በሰዓቱ ሥራ መግባት ጀመሩ። አስተማሪው ከፊት ነው የሚቀመጠው፤ ጉልበቱ አሁንም ዳሽቦርዱን ይነካል፣ ግን ተማሪዎቹን ቀድሞ እየደረሰ ስለሆነ አያጉረመርምም። ነጩን ያስመረጠኝ ሠንጠረዥ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ፤ ነጥቦቹን አላረምኳቸውም።

ለዕረፍት ቤት ስመጣ ንጋት ላይ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሶኬቱ ሲነቀል፣ ከዚያ የአባቴ እግር ጠጠሩ ላይ፣ ከዚያ መስኮቱ ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ። ከውስጥ የእማማ ድምፅ ይመጣል።

«ጠገበች?»

«ጠግባለች እማማ።»

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የግቢው በር ብቻ ነው።